በጠመዝማዛ የሚጓዝ እህል



ከጉና ተራራ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የእስቴ አገር፥ በእስቴም ውስጥ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ትገኛለች። ከዚያ ወዲያ ቊልቊለቱ እስከ ዓባይ ሸለቆ ይዘልቃል፤ ማዶው ጎጃም ነው። አገሩን መጥቀሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። በእስቴ ገደል ሥር የሚያልፈው ይኸው ውሃ ግብፅ ሲደርስ ወደ እርሻው ከፍ የሚያደርገው መሣሪያ ያስፈልገው ነበር፤ ከነዚያም መሣሪያዎች አንዱ በበርሜል ውስጥ የተቀመጠ ጠመዝማዛ ነው። ገበሬው እጀታውን ሲያዞር ውሃው በጥምዙ ላይ እየተሳበ ይወጣል። መሣሪያው የሚጠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ212 ዓመት በሞተው በሰራኩሱ ሊቅ በአርኪሜዴስ ስም ነው፤ ከእርሱ በፊትም ይታወቅ ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

ውሃ ሲያነሣ የኖረውን ጠመዝማዛ በወፍጮ ቤት ውስጥ ለእህልና ለዱቄት በማዋል ስሙ የታወቀው የአሜሪካው ኦሊቨር ኢቫንስ ነው። በዚያ ዘመን ወፍጮውን ውሃ ቢያዞረውም ጆንያውን ወደ ፎቅ የሚያወጣው የሰው ትከሻ ነበር። ኢቫንስ በ1780ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በደላዌር አገር ባሠራው ወፍጮ እህሉን በአግድም በእንጨት ጠመዝማዛ፥ ወደ ላይ ደግሞ ትናንሽ ባልዲዎች በታሰሩበት ጠፍር አጓጓዘ። በ1790 የባለመብትነት ፓተንት ተሰጠው፤ ጆርጅ ዋሽንግተንም ይህንኑ አሠራር ለገዛ ወፍጮው ተቀበለ።

ነገር ግን ክርክር ተነሣ። ኢቫንስ በመሣሪያው የሚጠቀሙትን ሁሉ ገንዘብ ስለ ጠየቀ፥ ቶማስ ጄፈርሰን በ1813 በጻፈው ደብዳቤ ጠመዝማዛው ከአርኪሜዴስ ዘመን ጀምሮ የታወቀ መሆኑን ገልጦ፥ የታወቀን መሣሪያ ለሌላ ነገር ማዋል አዲስ ፈጠራ እንዳልሆነ ተከራከረ። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ ለወፍጮው ክፍያውን ከፍሏል። በእኛ አስተያየት ስለ ጠመዝማዛው ጄፈርሰን እውነት አለው፤ ነገር ግን እህሉ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ዱቄት ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማንም ሳይሸከመው የሚጓዝበትን ሥርዓት አያይዞ ያቆመው ኢቫንስ ስለ ሆነ፥ ድካሙ ዋጋ ሊያጣ አይገባውም ነበር።

አሠራሩን ለመረዳት ቡሎንና ዳዶ መመልከት ይበቃል። ዳዶውን በእጅ ይዘን ቡሎኑን ብናዞር ዳዶው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ብንለቀው ግን አብሮ ይሽከረከራል። በስክሪው ኮንቬየር ውስጥ ዳዶው እህሉ ነው፤ እንዳይሽከረከር የሚይዘውም የራሱ ክብደትና የገንዳው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ገንዳው እስከ አፉ አይሞላም፤ ቢሞላ እህሉ በዘንጉ ላይ ተገልብጦ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲሚንቶን የመሰለ ብረት የሚበላ ነገር ሲሆንማ ሙላቱ ከዚያም ያነሰ ይሆናል።

የጠመዝማዛው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር፥ ከጥምዝ እስከ ጥምዝ ያለው ርቀትም 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በደቂቃም 60 ጊዜ ቢዞርና ገንዳው እስከ 30 በመቶ ቢሞላ፥ በሰዓት ወደ 23 ሜትር ኩብ፥ ማለት 170 ኩንታል ያህል ስንዴ ያጓጉዛል። ይህን በሰው ጀርባ ያሰበ ሰው የነገሩን ክብደት ያውቀዋል። ገንዳው ወደ ላይ ሲያዘነብል ግን መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል።

ጤፍ ለሚመረትበት አገር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጥምዙ ገንዳውን እንዳይፍቅ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ይተዋል፤ የጤፍ ቅንጣት ደግሞ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነች በዚያ ክፍተት ውስጥ ተኝታ ትቀራለች። ነጭ ጤፍ ከሠርገኛ በኋላ ቢገባ ይደባለቃል። ስለዚህ እህል በተለወጠ ቊጥር ገንዳው መጠረግ አለበት፤ ክዳኑም የሚከፈተው ሞተሩ ጠፍቶ፥ ዘንጉ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ነው፤ የሚዞር ጥምዝ ጣትን ከእህል አይለይምና።