«ማረ» እና «ተማረ»፦ የክፍል ሥርዐት ታሪክ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ መንግሥት ትምህርት ቤት

መግቢያ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ክፍል ሥርዐት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን ልምጭ ከቀረ ወዲህ ተማሪው መምህሩን መፍራት ተወ፣ ትምህርትም አብሮ ወደቀ ይላል። ሌላው ወገን ልምጩን ከጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት የተወረሰ ጎጂ ልማድ አድርጎ ይመለከተዋል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። የጥንቱ ትምህርት ቤት በዱላ ይተዳደር ነበር ብለው ያምናሉ። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምፈልገው ይህን የጋራ እምነት ነው። በጥንቱ ትምህርት ቤት ዱላ መኖሩ አያከራክርም። የኔ ጥያቄ ዱላው ለምን ሥራ ይውል ነበር፣ ወደ ዘመናዊው ክፍል ሲገባስ ሥራው ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም የሚል ነው። ለመነሻ የወሰድሁት የሐይቅንና የአምባሰልን ምድር፣ በጠቅላላውም ደቡብ ወሎን ነው። የገዳም ትምህርት፣ የቁርኣን ትምህርትና የመንግሥት ትምህርት ጎን ለጎን የሚገኙበት አገር በመሆኑ ለንጽጽር ይመቻል።

ስለ ቃላቱ

የምንመረምረው ነገር በቋንቋችን ውስጥ ምን መልክ እንዳለው አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። በግእዝ «አስተማረ» ለማለት የሚነገረው «መሀረ» በሃሌታው «ሀ» ይጻፋል። «መምህር» የተገኘው ከዚህ ነው። «ራራ፣ ይቅር አለ» የሚለው «መሐረ» ደግሞ በሐመሩ «ሐ» ይጻፋል። «ምሕረት» የወጣው ከዚህኛው ነው። ሁለቱ ግሦች ሥራቸው የተለያየ ነው። አማርኛ ግን የሁለቱን «ሀ» ድምፅ ስላጠፋ አንድ አደረጋቸው። ስለዚህ ዛሬ «ልጁ ተማረ» ስንል ትምህርት ቀሰመ ማለታችን ይሁን ከቅጣት ዳነ ማለታችን የሚታወቀው ከዐውዱ ብቻ ነው።

«ተግሣጽም» እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ምክርም ነው፤ ወቀሳም ነው። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከመጽሐፈ ምሳሌ የመጨረሻው ክፍል ራሱን ችሎ «ተግሣጽ» መባሉ ይታወቃል። እንግዲህ በአሮጌው ቃላችን ማስተማርና መገሠጽ የተለያዩ ሥራዎች አልነበሩም። በየትምህርት ቤቱ «የዲሲፕሊን ኮሚቴ» የሚባለው በተቋቋመ ጊዜ ግን ሁለቱ ተለያዩ። ትምህርቱ የመምህሩ፣ ሥርዐቱ የኮሚቴው ሆነ።

ድምፅ የሚሰማበት ትምህርት ቤት

አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የመጡት በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ነው። በዚያ ባቆሙት ትምህርት ቤት ከተማሩት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ለገዳሙ ያበረከቱት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍም ከአገራችን ጥንታውያን የብራና ቅርሶች አንዱ ነው። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕርግ ነበራቸው፤ በቤተ መንግሥቱም ከፍ ያለ ቦታ ይይዙ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ግን ከማዕርጉ ይልቅ እንዲህ ባሉ ጉባኤዎች የዳበረው የአስተማመር ዘዴ ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርት በድህነት ላይ የቆመ ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ወንበር፣ ወረቀት፣ በጀት የሚባል ነገር አልነበረም። በንባብ ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌልን፣ ዳዊትን ያነባል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ድምፁን አሰምቶ ነው። ከዛፍ ሥር አንዱ «ሀ ሁ» ይላል፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። መምህሩ ጩኸቱን አይከለክሉም። እንዲያውም የሚጠረጥሩት ዝም ያለውን ነው፤ ዝም ያለ ልጅ ወይ አንቀላፍቷል ወይ ትምህርቱን ትቷል። ልምጩም የሚያርፈው ፊደል በሳተው፣ ባንቀላፋውና በጠፋው ላይ ነበር።

ሁለተኛው ነገር እርከኑ ነው። ተማሪው የያዘውን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ የጨረሰም ሌላውን አይጠብቅም። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። መምህሩ አንድ ቢሆኑም የሚያስተምሩት ብዙዎች ናቸው። በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፣ እዚያው ይታረማል። ስሕተት በዕለቱ ይሰማል፤ በዕለቱ ይቃናል። ያልተስማማው ተማሪ አኩፋዳውን አንሥቶ ሌላ መምህር ፍለጋ መሄድ ይችል ነበር። ይህም በመምህሩ ላይ የማይታይ ቁጥጥር ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በወሎ የቁርኣን ቤትም አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ19ኛው መቶ ዓመት ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥ ስመ ጥር የእስልምና የትምህርት ማእከሎች ነበሩ። ደረሳው የራሱ ሉሕ አለው። ምዕራፉን በቀለም ጽፎ ድምፁን እያሰማ ይቀራል፣ በቃሉ ሲይዝ አጥቦ ሌላ ይጽፋል። ሸኹ የያንዳንዱን ልጅ ደረጃ ከሉሑ ላይ ያውቁታል። እዚህም ዱላ ነበረ። እዚህም ልጁ በራሱ እርምጃ ይሄዳል፤ ትልቁ ትንሹን ያስቀራል።

ይህን የምለው የጥንቱን ለማሞገስ አይደለም። የሚጠፋ ተማሪ በእግር ብረት ይታሰር እንደነበር የታወቀ ነው። ትምህርቱ የጥቂቶች ነበር፤ በገዳም ደረጃማ ሴት ልጅ ጨርሳ አትገባበትም። ለማለት የምፈልገው ሥርዐቱ የቆመው በዱላው ላይ ብቻ አልነበረም ነው። ተማሪውን በሥራ የሚይዘው እያንዳንዱ የሚያነበውና የሚሰማው ሰው ማግኘቱ ነበር።

ዝምታ የሚጠየቅበት ክፍል

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ክፍልን፣ ደወልንና የክፍል ደረጃን ይዞ መጣ። በአንድ ክፍል ያለ ተማሪ ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ገጽ ይማራል። ይህ አሠራር የታሰበው ወንበር፣ መጽሐፍና በቂ መምህር ላለበት ክፍል ነው። በጥቂት ከተሞች ብቻ እስከነበረ ድረስም ችግሩ ጎልቶ አልታየም።

የአፍሪቃ የትምህርት ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. በ1961 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው በ1980 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ ሲወስኑ፣ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ በተማሪ ብዛት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበረች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን በየቀበሌው አስቀመጠ። ከፍተኛው ለውጥ የመጣው ግን ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። በ1987 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ቀድሞ ትምህርት ቤት ያልነበረው የገጠር ልጅ፣ በተለይም ሴት ልጅ፣ በር ተከፈተላት። ይህ በቀላሉ የሚታይ ድል አይደለም።

ይሁን እንጂ ክፍሉ፣ ወንበሩና መምህሩ በዚያው ልክ አልጨመሩም። ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል የተወሰነው ልክ 50 ተማሪ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአገሪቱ አማካይ ወደ 70 ይጠጋ ነበር። በብዙ ቦታ ትምህርቱ በፈረቃ ይሰጣል። 70 ልጅ እንደ ንባብ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ አንዱ መምህር የማንንም አይሰማም። ስለዚህ የሥርዐት ትርጉም ተገለበጠ። በንባብ ቤት የትጋት ምልክት የነበረው ድምፅ ጥፋት ሆነ፤ ጥርጣሬ ያመጣ የነበረው ዝምታ ጨዋነት ተባለ። ልምጩም ሥራውን ለወጠ። ቀድሞ ፊደል የሳተውን ይከተል የነበረው አሁን ያወራውን መከተል ጀመረ።

ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው «የክፍል አለቃ» የሚባለው ተማሪ ነው። በቤተ ክህነት «አለቃ» የሊቅ ማዕርግ ነው። በጉባኤ ቤትም ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽል ነበር። በዘመናዊው ክፍል ግን የክፍል አለቃው ዋና ሥራ መምህሩ ሲወጡ የረባሾችን ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ሆነ። ልጅ ለልጅ ያስተምር የነበረበት ግንኙነት ልጅ ልጅን የሚያሳጣበት ሆነ። ኋላ በየትምህርት ቤቱ የተዘረጋው «አንድ ለአምስት» አሮጌውን ጥበብ ሊመልስ ይችል ነበር። ነገር ግን ከላይ የመጣ አደረጃጀትና የሪፖርት ቅጽ ስለተጫነው ብዙ ቦታ ከስሙ አላለፈም።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ዝምታውን እስከ ጫፍ አደረሰው። ከመስኮቱ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚናገረው መምህር ተማሪውን አይሰማም፣ አይጠብቅምም። በክፍሉ ያለው መምህርም ለማስረዳት የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነበር። ያ ክፍል ሥርዐት ነበረው ሊባል ይችላል፤ ማንም አያወራም። መማሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሕጉና ወንበሩ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንኡስ አንቀጽ 1(ሠ) ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም አካላዊ ቅጣት ነፃ አድርጓቸዋል። ድንጋጌው ትክክል ነው፤ የሚያከራክርም ሊሆን አይገባም። ችግሩ ዱላው ይዞት የነበረውን ቦታ ምን ይተካው የሚለው ሳይመለስ መቅረቱ ነው። በተጨናነቀ ክፍል ዱላው የጎደለ ወንበር፣ የጎደለ መጽሐፍና የጎደለ ሁለተኛ መምህር ምትክ ነበር። እነዚያ ሳይሟሉ ዱላው ሲከለከል መምህሩ ወይ ሕጉን ተደብቆ ይጥሳል፣ ወይ ልጁን ያንበረክካል፣ ወይ ከክፍል ያስወጣል፣ አለዚያም ተስፋ ቆርጦ ለፊተኛው ረድፍ ብቻ ያስተምራል። ይህን የመምህሩ ክፋት ብቻ አድርጎ ማየት ጉዳዩን ማቅለል ነው።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ተማሪ ሳይወድቅ እንዲያልፍ መደረጉም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። ሐሳቡ ልጁን ከተስፋ መቁረጥ ማዳን ነበር። ሆኖም የሚሰማው ሰው ባልነበረበት ክፍል ማንበብ የማይችለው ልጅ ማንበብ ከሚችለው ጋር እኩል አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች የተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። በንባብ ቤት ይህን ለማወቅ ምዘና አያስፈልግም ነበር፤ መምህሩ በዚያው ጧት ይሰሙታል።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጠ። ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። መንግሥት ለፈተናው አዳራሽ ሥርዐት ጥበቃ አሰማራ፣ ገንዘብ አወጣ፤ አዳራሹም ሥርዐት አገኘ። ውጤቱ ያጋለጠው ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን 12 ዓመታት ነው። ወሎ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈውና ፈርሰው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም ብዙዎች ተዘግተዋል። ክፍል በሌለበት ስለ ክፍል ሥርዐት መናገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ትምህርት ቤት እንደገና በሚሠራበት ጊዜ አብሮ መታሰብ ያለበት ይህ ነው እላለሁ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የማገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። የክፍል ሥርዐት የሚገኘው ልጁ በመፍራቱ ሳይሆን የሚያነበውና የሚሰማው ሰው በማግኘቱ ነው። ሐይቅም ሆነ ዳና በድህነታቸው ውስጥ ይህን ይዘውት ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከእነርሱ ልምጩን ወሰደ፤ አስቀጻዩን፣ በዕለቱ የሚደረገውን እርማትና የልጁን የራሱን እርምጃ ግን ትቶ መጣ። መመለስ ያለባቸው እነዚህ ናቸው፤ ልምጩ አይደለም። ትልቁ ትንሹን እያስነበበ፣ ክፍሉ በድምፅ እንዲሞላ መፍቀድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሆኖም ይህ መንግሥት ለክፍል፣ ለመጽሐፍና ለመምህር ገንዘብ ከማውጣት ነፃ የሚወጣበት ሰበብ ሊሆን አይገባም። ያኔ የሚለመነው ቁራሽ ነበር፤ ዛሬ ትምህርት መብት ነው።

ሕጉ ልጁን ከዱላ ምሮታል። በሐመሩ «ሐ» ሲጻፍ፣ ልጁ ተምሯል ማለት ነው። በሃሌታው «ሀ» የሚጻፈው ግን የሁላችንም ዕዳ ሆኖ ቆሟል።