የአውሮፕላን ማረፊያ የደህንነት ፍተሻ

የአውሮፕላን ማረፊያ የደህንነት ፍተሻ የጦር መሣሪያ፣ ፈንጂና ሌሎች የተከለከሉ ዕቃዎች ወደ አውሮፕላን እንዳይገቡ በመንገደኛውና በሻንጣው ላይ የሚደረግ ምርመራ ነው። ዓላማው በዓለም ዙሪያ አንድ ቢሆንም ዝርዝር ደንቦቹ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከማረፊያ ማረፊያ ይለያያሉ። ስለዚህ በአንዱ ቦታ ያለፈ ዕቃ በሌላው ሊከለከል ይችላል። ከጅማ፣ ከአሰንዳቦና ከአካባቢው የቡና ከተሞች ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ መንገደኞች ልዩነቱ በይበልጥ የሚታየው ለዘመድ በሚወሰዱ እንደ ማር፣ ቅቤ፣ የተፈጨ ቡና፣ በርበሬና ሽሮ ባሉ ነገሮች ላይ ነው።

አመጣጥ

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካዎ) የአቪዬሽን ደህንነትን የሚመለከተውን አባሪ 17 ያጸደቀው የአውሮፕላን ጠለፋ በበዛበት ዘመን፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ ደንቦች የተወሰነ ጥቃት ወይም ሙከራ ተከትለው የመጡ ናቸው።

በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሪድ የተባለ መንገደኛ ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ በጫማው የደበቀውን ፈንጂ ለማቀጣጠል ሞከረ። ጫማ ማስወለቅ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ በብሪታኒያ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን ለማጋየት የታቀደ ሴራ ተደረሰበት። በዚህ ምክንያት በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሊትር በሚይዝ ግልጽ ከረጢት እንዲገባ ተወሰነ። ደንቡ በአውሮፓ ኅብረት ከኅዳር 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

ደንቦቹ ለምን ይለያያሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት ኢካዎ የሚያወጣው ዝቅተኛውን መስፈርት መሆኑ ነው። እያንዳንዱ አገር ከዚያ በላይ የመጨመር መብት አለው።

ሁለተኛው የመሣሪያ ልዩነት ነው። የቆየው የራጅ ማሽን ጠፍጣፋ ምስል ስለሚያሳይ ላፕቶፕና ፈሳሽ ከሻንጣ ወጥተው ለብቻ መታየት አለባቸው። አዲሱ የሲቲ ስካን ማሽን ግን ዕቃውን ከየአቅጣጫው ስለሚያሳይ ሳይወጡ ሊያልፉ ይችላሉ። መሣሪያው ቢኖርም ደንቡ ወደ ኋላ የሚመለስበት ጊዜ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ማሽን ባላቸው ማረፊያዎችም የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ እንዲመለስ አድርጎ ነበር።

ሦስተኛው የመድረሻ አገር ፍላጎት ነው። አሜሪካ ከሰኔ 30 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ አገር በቀጥታ ወደ ግዛቷ በሚበሩ አውሮፕላኖች ላይ፣ በእጅ ሻንጣ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግበት አዛለች። ምንነቱ ካልተረጋገጠ ወደ መንገደኞች ክፍል አይገባም። መጠኑ አንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ያህል ነው። የተፈጨ ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ዱቄት ናቸው፤ ያልተፈጨ የቡና ፍሬ ግን ዱቄት አይደለም።

አራተኛው ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ፍተሻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ጥቃት ያቀደ ሰው አስቀድሞ አጥንቶ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ መንገደኞች ምንም ሳይጠረጠሩ በዕጣ ተመርጠው በድጋሚ ይፈተሻሉ።

ማር እንደ ፈሳሽ

በፍተሻ ደንብ «ፈሳሽ» የሚባለው ከዕለት ተዕለት አነጋገር ይሰፋል። የሚፈስ፣ የሚቀባና የሚለጠልጥ ነገር ሁሉ ይጨመርበታል። ስለዚህ ማርና የቀለጠ ቅቤ እንደ ውሃ ይቆጠራሉ። የሚታየው የዕቃው መያዣ እንጂ በውስጡ የቀረው መጠን ስላልሆነ፣ የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ በሚሠራበት ማረፊያ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ሥር የቀረ ጥቂት ማርም አያልፍም።

ማር መሣሪያንም ሊያሳስት ይችላል። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ ከተማ በመንገደኛ ሻንጣ የተገኙ ጠርሙሶች በምርመራ የፈንጂ ምልክት በማሳየታቸው ማረፊያው ተዘግቶ ነበር። በጠርሙሶቹ ውስጥ የነበረው ማር መሆኑ በኋላ ታወቀ።

የፍተሻ ወሰን

ኅዳር 23 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 በሦስት ሰዎች ተጠልፎ ነዳጅ በመጨረሱ በኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ጠላፊዎቹ የተጠቀሙት ከአውሮፕላኑ ውስጥ ያገኙትን የእሳት አደጋ መጥረቢያና ማጥፊያ ነበር፤ ቦምብ ነው ብለው ያስፈራሩበትም የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. በረራ 702ን ወደ ጄኔቭ የወሰደው ደግሞ ረዳት አብራሪው ራሱ ነው። ሁለቱም አደጋዎች በር ላይ የሚደረግ ፍተሻ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያሳያሉ።

ለመንገደኛ

ከአሰንዳቦ ተነሥቶ በጅማ በኩል የሚበር ሰው ወደ ውጭ ከቀጠለ አዲስ አበባ ላይ እንደገና ይፈተሻል፤ በመሸጋገሪያ አገርም ሌላ ፍተሻ ሊኖር ይችላል። በመጀመሪያው ማለፍ ለሁለተኛው ዋስትና አይሆንም። የፈሳሽና የዱቄት ገደብ የሚመለከተው የእጅ ሻንጣን ስለሆነ ማር፣ ቅቤና የተፈጨ ቡና ለአየር መንገዱ በሚረከበው ሻንጣ ውስጥ በሚገባ ታሽገው ቢገቡ ይሻላል። ምግብ ይዞ ወደ አገር መግባትን የሚወስነው የመድረሻው አገር የጉምሩክና የግብርና ደንብ ግን ከደህንነት ፍተሻ የተለየ ነው።