ከባዛር ድንኳን እስከ እናቶቻችን ምጣድ

በበዓልና በባዛር ቀን ከምግብ ድንኳኖች ፊት የሚሰለፈው ወጣት ብዙ ነው። በዘይት የተጠበሰውን፣ በቂጣ የተጠቀለለውን፣ በእንጨት የተሰካውን ሁሉ «እስቲ ልቅመሰው» ይላል። ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ምግብ ገዝቶ ይጎርሳል፤ ከጣፈጠው ይደግማል፣ ካልጣፈጠው ይስቅና ለጓደኛው ያቀብላል። ነገሩ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ደስ ይላል።

ግን እኛ በቤር ሼቫ የምናድግ የቤተ እስራኤል ልጆች አንድ ነገር ማወቅ አለብን። ወላጆቻችንና አያቶቻችን እንግዳ ምግብ የቀመሱት በጨዋታ አልነበረም። አዲስ ምግብ የፈጠሩትም ሽልማት ፈልገው አልነበረም። ያም ሆኖ የሠሩት ሥራ በዓለም ባዛር ከሚሸለመው አያንስም። በዚህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ በአጭሩ እናያለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የእንግዳ ምግብ ባዛር ከየት መጣ?

እንግዳ ምግብ በመፍጠር ስማቸው የገነነው የአሜሪካ የክፍለ ግዛት ባዛሮች ናቸው። መነሻቸው ግን የገበሬ ጉዳይ ነበር። የመጀመሪያው በ1841 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ሲራኪዩዝ ከተማ ተደረገ። ገበሬው የሰባ በሬውንና ምርጥ እህሉን፣ ሴቶቹም የጋገሩትንና የጠመቁትን ይዘው መጥተው ይወዳደሩ ነበር። ሰው ሲሰበሰብ መራቡ አይቀርም። ቆሞ የሚበላ፣ እየሄደ የሚበላ፣ ሳህንና ማንኪያ የማይፈልግ ምግብ አስፈለገ። ብዙው የባዛር ፈጠራ የወጣው ከዚህ ችግር ነው።

ለምሳሌ የአይስክሬሙን የሚበላ ቀንድ እንውሰድ። በስፋት የታወቀው በ1904 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው የዓለም ባዛር ነው። «እኔ ነኝ የጀመርኩት» ያሉት ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ከሶርያ የሄደው ስደተኛ ኧርነስት ሐምዊ ነበር። እሱ የሚሸጠው የአገሩን ስስ ብስኩት፣ ዘላቢያን ነበር። እንደሚተረከው፣ አጠገቡ ያለው አይስክሬም ሻጭ ሳህን ሲያልቅበት ሐምዊ ትኩሱን ብስኩት እንደ ቀንድ ጠቅልሎ ሰጠው። የመጀመሪያው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ዓለም ሁሉ ዛሬ የሚልሰው ነገር ላይ ስደተኛ ከቤቱ ይዞት የወጣው ምግብ አለበት።

ዛሬ ወሬው የሚበዛው በቴክሳስ ነው። በዳላስ ከተማ የሚደረገው የቴክሳስ ባዛር የተጀመረው በ1886 ሲሆን፣ ከ2005 ጀምሮ አዲስ ጥብስ ለፈጠረ ሰው ሽልማት ይሰጣል። በ2006 በኮካ ኮላ የተለወሰ ሊጥ ተጠብሶ በፈጠራ ተሸለመ፤ በ2009 ደግሞ የተጠበሰ ቅቤ! አዎ፣ ቅቤው በሊጥ ተጠቅልሎ ዘይት ውስጥ ገባ። እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ «ምን ዓይነት ጥጋብ ነው!» ማለታቸው አይቀርም። እውነትም የጥጋብ ፈጠራ ነው። የችግር ፈጠራ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለማየት ቴክሳስ መሄድ አያስፈልግም፣ ከተማችን ይበቃናል።

ቤር ሼቫ፦ የብዙ ስደተኛ ማዕድ

የዛሬዋ ቤር ሼቫ፣ ያ መጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ የሚለው ስም፣ እንደ አዲስ ከተማ የተቆረቆረችው በ1900 በቱርኮች ዘመን ነው። የነጌቭ በዱዊኖች ከብታቸውንና እህላቸውን የሚሸጡባት የገበያ ከተማ ነበረች። የሐሙስ ገበያቸው እስከ ዛሬ ስሙ አለ። ከ1948 በኋላ ደግሞ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከኢራቅ፣ ከሮማኒያ፣ ከሕንድና ከሌሎች አገሮች ብዙ ሕዝብ ገባባት። በ1990ዎቹ የሶቭየት ኅብረት ሰዎችና የእኛ ሰዎች ተጨመሩ። ሁሉም ሲመጣ ከልብሱ ይልቅ ጣዕሙን ይዞ መጣ።

ያኔ ግን አገሪቱ ደሃ ነበረች። ከ1949 እስከ 1959 ምግብ በራሽን የሚታደልበት፣ «ጼናዕ» የሚባል ዘመን ነበር። ሩዝ ጠፋ። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዳቪድ ቤን ጉሪዮን አንድ የምግብ ፋብሪካ ከስንዴ የሚሠራ የሩዝ ምትክ እንዲያወጣ ጠየቁ። ያ በምድጃ የተጠበሰ ትንንሽ ፓስታ፣ ፕቲቲም፣ «የቤን ጉሪዮን ሩዝ» ተባለ። ዛሬ ልጅ ሁሉ የሚበላው ምግብ ያኔ የማጣት ውጤት ነበር።

ሳቢሕንም እንይ። በ1950 እና በ1951 ከ120 ሺህ በላይ የኢራቅ አይሁዶች ወደ እስራኤል መጡ። የሰንበት ጠዋት ምግባቸው የተጠበሰ በድርጃንና እንቁላል ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በራማት ጋን ይህንኑ ፒታ ውስጥ ከትተው መንገድ ላይ መሸጥ ጀመሩ። የሞሮኮዎቹ ሙፍሌታም እንዲሁ ነው። ፋሲካ ሲያልቅ በሚሙና ማታ በቤታቸው ይጋገር የነበረው ስስ ቂጣ ዛሬ የሁሉም ሆኗል። መጀመሪያ ላይ እነዚህ ሁሉ ለጎረቤት እንግዳ ነበሩ። ቀስ በቀስ ግን የአገር ምግብ ሆኑ።

እንጀራ ያለ ጤፍ

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንግባ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎቻችን በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ መጡ። በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። ምጣድ የያዘ አልነበረም፤ ብዙው ከለበሰው በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልያዘም።

የመጀመሪያው ማረፊያ መርካዝ ቅሊታ፣ ሆቴል ወይም ካራቫን ነበር። በቤር ሼቫ ዳር የነበረውን የናሐል ቤቃ የካራቫን ሰፈር ብዙ ወላጆች ያስታውሱታል። በሆቴሎቹና በብዙው መርካዝ ቅሊታ ምግቡ በጋራ አዳራሽ ተዘጋጅቶ ይቀርባል። የወይራ ፍሬ፣ እርጎ መሰል ነገር፣ ያልታወቀ ሾርባ፣ በርበሬ የሌለው ሥጋ። እስቲ አስቡት፤ ይህም እኮ እንደ ባዛር ነው፣ በየጠረጴዛው የማይታወቅ ምግብ ተደርድሯል። ልዩነቱ ከባዛር ሲወጣ የሚገባበት የለመደው ማዕድ አለመኖሩ ነው። እንግዳ ምግብ የሚያስደስተው ማታ ቤት የሚጠብቅ እንጀራ ሲኖር ነው።

ስለዚህ እናቶቻችን የራሳቸው ማድቤት ባገኙ ጊዜ መጀመሪያ ያደረጉት እንጀራ መሥራት ነው። ጤፍ ግን አልነበረም፣ ቢገኝም ውድ ነበር። ከሹክና ከመኻል ከተማ ሱቅ የሚገኘው ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ሶሌት፣ ሩዝና በቆሎ ነው። በእነዚህ እንጀራ መጋገር ቀላል አይደለም። ስንዴ ሊጡን እንደ ማስቲካ የሚያያይዝ ግሉተን አለው፤ ጤፍ ግን የለውም። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ውስጡ አየር ይፈጠራል፤ ምጣዱ ሲግል አየሩ ወደ ላይ እየፈነዳ ይወጣና ዓይን ይሆናል። አብሲቱ፣ ማለትም ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውኃ በስሎ የሚመለሰው፣ ሊጡን ያወፍረዋል፤ እንጀራውም ዓይናማና ለስላሳ ይሆናል። በስንዴ ግን ውኃውም፣ እርሾውም፣ የሚቦካበትም ጊዜ መለወጥ አለበት። በነጌቭ ሙቀት ሊጥ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ በክረምት ደግሞ በሲሚንቶ ቤት ውስጥ አልቦካ ይላል።

ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራቸውም፣ በቃል የሚነገር እንጂ የተጻፈ መመሪያም አልነበራቸውም። ዛሬ አንድ እጅ ሩዝ ጨምሮ፣ ነገ ውኃውን ቀንሶ፣ ሳይሆን ሲቀር ደፍቶ፣ እንደገና አቡክቶ ነው። በሸክላ ምጣድ ፈንታ መጀመሪያ የብረት መጥበሻ፣ በኋላ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሆነ። በኮባ ቅጠል ይጋገር የነበረው የሰንበት ዳቦ የመጋገሪያ ወረቀት ለበሰ። ዶሮ ወጡ ሥጋና ወተት ላለመቀላቀል ያለ ቅቤ በዘይት ተሠራ። ለጎረቤቱ ይህ ሁሉ «የኢትዮጵያ ባህላዊ ምግብ» ነው። እኛ ግን በዚህ አገር የተፈጠረ መሆኑን እንወቅ። እናቶቻችን ጠባቂ ብቻ አልነበሩም፣ ፈጣሪም ነበሩ።

እህል ማደባለቁ ራሱ ከአገር ቤት የመጣ ጥበብ ነው። ጎንደር ውስጥ ቆላው ማሽላና ዳጉሳ፣ ደጋው ገብስ ይጨምርበት ነበር። ጤፍ ሲወደድ ወይም ሲያልቅ ምን ከምን ጋር እንደሚስማማ ሴቶቹ ያውቁ ነበር።

ፈጠራው የማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም የፍርድ ቤት ታሪክ አለ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት፣ ጤፍን ከሌላ ዱቄት ጋር በማደባለቅና ከዚያ በሚጋገረው ነገር ላይ «ፈጠራው የኔ ነው» ብሎ በ2007 የአውሮፓ የፈጠራ መብት አገኘ። ኢትዮጵያ ጥቅም ይገኝበታል ብላ ቀደም ሲል በ2005 ተስማምታ ነበር፤ ያገኘችው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በመጨረሻ ነገሩ ከሌላ ኩባንያ ጋር ክርክር አስነሳ፤ በ2018 በዘ ሄግ ያለ ፍርድ ቤት መብቱ በኔዘርላንድ እንዲሰረዝ ወሰነ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ፈጠራ የለበትም ተባለ።

በጎንደር ገጠርና በቤር ሼቫ ማድቤት ስንት ሴት ዱቄት ስታደባልቅ ኖራለች! አንዷም ወረቀት አልጠየቀችም። ስላልጠየቀች ግን ሌላ ሰው ጠየቀ። ያልተጻፈ እውቀት ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ ትምህርቱ ይህ ነው።

ጤፍ ዛሬ ሌላ ስም አግኝቷል። ግሉተን ስለሌለውና በብረት ማዕድን ስለሚታወቅ በእስራኤልም ሆነ በሌላው ዓለም በጤና ምግብ ሱቆች ውስጥ በትንሽ ከረጢት ይሸጣል። በሬሖቮት ያለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ በዚህ አገር ለማብቀል የጤፍ ዝርያዎችን ያጠናል። አንድ ጊዜ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ የታየ እህል ዛሬ ሳይንስ ሆኗል።

የማይነገረው ወገን

ታሪኩ ግን ሁሉም ጥሩ አይደለም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡ የሕክምና ጥናቶች በኢትዮጵያ ገጠር ብዙም የማይታወቀው የስኳር በሽታ ከዓልያ በኋላ በሕዝባችን መካከል በፍጥነት እንደጨመረ አሳይተዋል። እግር መንገድ ቀረ፣ መኪና መጣ። ጤፍና ገብስ ቀረ፣ ነጭ ዱቄት መጣ። በውኃ ፈንታ ጣፋጭ መጠጥ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ለእንግዳ ክብርም ሆነ። ያ እናቶቻችን በብልሃት ያገኙት ነጭ እንጀራ አገልግሏል፣ ቤተሰብም አሳድጓል። ዛሬ ግን ጤፍና ሌላ ያልተፈተገ እህል የሚገኝበት ጊዜ ስለሆነ፣ ቢያንስ መደባለቅ ይቻላል። አያት «ነጩን ነው የለመድኩት» ካሉ በግድ አይሆንም፤ አንድ እጅ ጤፍ ጨምሮ መጀመር ግን ይቻላል። ይህም የፈጠራው ቀጣይ ምዕራፍ ነው፤ ተራውም የእኛ ነው።

ዛሬ በድንኳኑ ጀርባ የቆምነው እኛ ነን

ክኔሴት በ2008 ስግድን የአገር በዓል አድርጎ ደንግጓል። ሽማግሌዎቻችን በዚያ ቀን እስከ ከሰዓት በኋላ ጾመው፣ ጸልየው፣ ከዚያ ዳቦውን ቆርሰው ይበላሉ። በዓሉ በታወቀ ቁጥር በየከተማው፣ በየትምህርት ቤቱ የእኛ ምግብ ይቀርባል። አሁን እንግዳ ምግብ ለመቅመስ የሚሰለፉት ሌሎች ናቸው፤ እንግዳ የተባለው ምግብ ደግሞ የእኛ እንጀራ ነው። የሩሲያ ልጅ በሹካ ይሞክረዋል፣ የሞሮኮዋ ሴትዮ «እንደ ሙፍሌታ ነው?» ብላ ትጠይቃለች።

ታዲያ ከድንኳኑ ጀርባ የቆመው ወጣት ምን ይመልሳል? «እናቴ ነው የሠራችው» ብቻ ካለ ታሪኩ እዚያው ያበቃል። ሊጡ ስንት ቀን እንደቦካ፣ አብሲት ለምን እንደሚጨመር፣ በናሐል ቤቃ ካራቫን ውስጥ በምን ዱቄት እንደተጀመረ ማወቅና መናገር ይችላል፤ ለዚህ ግን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ወጣቶች፣ በዚህ ዓመት አንድ ሥራ እንሥራ። እያንዳንዳችን ከእናታችን ወይም ከአያታችን አጠገብ ቆመን አንድ ቡኮ እንከታተል፤ ከእርሾው እስከ ማውጣቱ ድረስ በአማርኛም በዕብራይስጥም እንጻፈው። «በዓይኔ ነው የምለካው» ካሉ ያፈሰሱትን በኩባያ እየለካን እንመዝግብ። ወላጆቻችን፣ እናንተም «ልጁ ምን ያደርግለታል» ብላችሁ አትለፉት፤ ያበላሻችሁትንም ጭምር ንገሩን፣ ከተደፋው ሊጥ የሚገኝ ትምህርት አለና። የተጠበሰ ቅቤ ፈጣሪ ስሙ በመዝገብ አለ። በቤር ሼቫ ከስንዴ ዱቄት እንጀራ ያወጡት ሴቶች ስምም በየቤታችን ደብተር ላይ ይጻፍ።