የምርምር ፍሬ በስንት ዓመት ይመዘናል?

የአገሮች የሳይንስ ምርምር የሚመዘንበት የታወቀ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢጣልያ፣ በፍራስካቲ ከተማ የተመከረበት ነው። በዋነኛነት የሚቆጥረውም ለምርምር የዋለውን ገንዘብና የተመራማሪዎችን ብዛት ነው። የጤፍ ምርምር ታሪክ ግን ይህ ቆጠራ ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳል።

የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ዝርያዎቹን እርስ በርስ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ የማዳቀሉም መንገድ ተገኘ። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የተዳቀለው «ቁንጮ» ጤፍ ለገበሬው የተለቀቀው ግን ከ32 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

በየዓመቱ የሚዘጋጅ ሠንጠረዥ ይህን የመሰለውን ረጅም ድካም እንደ ከንቱ ወጪ ሊያስቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ከወጪው መዝገብ ጎን፣ ሉማሜን በመሳሰሉ ጤፍ አብቃይ ቦታዎች አዲሱን ዘር ስንት ገበሬ እንደዘራና ምን ያህል እንዳመረተ ሊመዘግብ ይገባል።