ዘይት ከሞተር ስር የወጣበት ታሪክ

በአብዛኞቹ መኪናዎች የሞተር ዘይት የሚጠራቀመው ከክራንክ ሻፍቱ በታች ባለ ቋት ነው። ፓምፕ ከቋቱ ስቦ ወደ ቤሪንጎቹ ይገፋዋል፤ ሥራውን የጨረሰው ዘይት በራሱ ክብደት ተንጠባጥቦ ይመለሳል። በደረቅ ቋት አሠራር ግን ከሞተሩ ስር የሚተኛ ዘይት የለም። የወረደውን ዘይት መላሽ ፓምፖች ወዲያው መጠው ለብቻው ወደተቀመጠ ታንከር ይልኩታል፤ ሌላ ፓምፕ ደግሞ ከታንከሩ መልሶ ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። ይህ አሠራር ዛሬ የእሽቅድምድም መለያ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሠሪዎቹ ግን በየዘመኑ የመረጡት በአንድ ምክንያት አልነበረም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ላይ የነበሩት፣ ከነሲሊንደራቸው የሚሽከረከሩት የኖም ሞተሮች የጉሎ ዘይት አንዴ ተጠቅመው ወደ አየር ይረጩት ነበር። ሲሊንደሮቻቸው በክብ የተደረደሩ ሞተሮች ሲተኳቸው ዘይትን ከስር ማስቀመጥ የማይታሰብ ሆነ፤ ከታች ያሉትን ሲሊንደሮች ይሞላቸዋልና። በሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ ችግሩ የቦታ ጥበት ነበር። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው ኢ.ኤል. ሞዴል፣ ዘይትን ተጠቅሞ ከመጣል ይልቅ በታንከርና በፓምፕ መልሶ ማዞር ጀመረ።

በ1950ዎቹ የስፖርት መኪና ነዳፊዎች ደረቅ ቋትን የፈለጉት ከሁሉ በላይ ቁመት ለመቀነስ ነበር። ጥልቁ ቋት ሲቀር ሞተሩ ዝቅ ይላል፤ ኮፈኑም አብሮ ይወርዳል፤ ነፋስ የሚገጥመው የመኪናው ፊት ያንሳል። በ1954 የመጣው ጃጓር ዲ-ታይፕ ረጅሙን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩን በዚህ ዘዴ ዝቅ አድርጎ፣ የለ ማን ውድድርን ከ1955 እስከ 1957 በተከታታይ አሸነፈ። በዚያው በ1954 ለገበያ የቀረበው መርሴዲስ 300 ኤስ.ኤል. ሞተሩን ወደ ጎን ከማጋደሙ በላይ ደረቅ ቋት ተገጥሞለት ነበር። ለከተማ ጉዞ ግን ምርጫው ጣጣ አመጣ። ዘይቱ ብዙ፣ ማቀዝቀዣውም ትልቅ በመሆኑ ዘይቱ በበቂ አይግልም፤ ስለዚህ ወደ ውስጡ የገባው ቤንዚን ሳይተን ይቀራል። አንዳንድ ባለቤቶች መፍትሔ ያደረጉት ማቀዝቀዣውን ከነፋስ መሸፈን ነበር።

ጎማዎች መንገድ የመያዝ አቅማቸው ሲጨምር ዋናው ምክንያት ተቀየረ። መኪናው ሲታጠፍ የሚፈጠረው የጎን ግፊት ከመሬት ስበት ጋር እኩል ከሆነ የዘይቱ ገጽ 45 ዲግሪ ያዘነብላል። ያኔ ቋት ውስጥ ያለው መምጠጫ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል፤ ቤሪንጎቹን ከክራንክ ሻፍቱ የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ይጠፋል፤ ብረት ብረትን ይበላል። ረጅምና ጠባብ ታንከር ውስጥ ግን ዘይቱ ቢንገዋለልም ከታች ያለው መውጫ አይራቆትም።

ፖርሽ 911ም ደረቅ ቋት ያለው የመንገድ መኪና ነበር። በ1972 ሞዴል ታንከሩ ከቀኝ የኋላ ጎማ ፊት ተዛውሮ፣ የዘይት መሙያው ውጭ በኩል ክዳን ተሠርቶለት ነበር። ክብደትን ለማመጣጠን ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ የማደያ ሠራተኞች ግን ቤንዚን ይሞሉበት ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ሞዴል ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

በ1967 በዛንድፎርት የፎርሙላ ዋን ውድድር ጂም ክላርክ ያሸነፈበት ባለ 3 ሊትሩ ኮስዎርዝ ዲ.ኤፍ.ቪ. ሞተርም ደረቅ ቋት ነበረው። ሞተሩ ራሱ የመኪናው አካል ተሸካሚ ስለነበር ዝቅ ማለቱ የመኪናውን ሚዛን ያሻሽላል። በ155 የፎርሙላ ዋን ድሎች ታጅቦ የቆየው ይህ ሞተር የአሠራሩን ዝና አስፋፋ።

የኋለኞቹ ሞተር አዘጋጆች ሌላ ጥቅምም አገኙበት። ክራንክ ሻፍቱ ዘይት እየገረፈ ጉልበት አያባክንም፤ መላሽ ፓምፖቹም ከክራንክ ሻፍቱ ክፍል አየር ስለሚስቡ የፒስተን ቀለበቶች በተሻለ ይገጥማሉ። ከሞተሩ የሚወጣው አረፋ የበዛበት ዘይት ስለሆነ፣ የመላሾቹ ጠቅላላ አቅም ከገፊው ፓምፕ መብለጥ አለበት። ታንከሩም አየሩን ከዘይቱ የሚለይበት ቁመት ያስፈልገዋል።

ዋጋው፣ ክብደቱና የቱቦዎቹ ብዛት ግን ዛሬም ምርጫውን ይገድባሉ። አልፎ አልፎ ብቻ በውድድር መንገድ ለሚነዳ መኪና፣ ዘይቱን የሚያግዱ ግድግዳዎች የተሠሩለት ተራ ቋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኮርቬትም ደረቅ ቋትን በ2006 ባለ 7 ሊትሩ ዜድ 06 ላይ ጀምሮ፣ በእያንዳንዱ መኪና ላይ የገጠመው በ2020 ሞተሩን ወደ መሐል ባዛወረ ጊዜ ነው።