የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚያድገው በሥራ ውጤት ነው ወይስ በአገልግሎት ዘመን?

በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛዋ መዝገብ ቤት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው፤ የትኛው ፋይል የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ኮምፒውተር ሳይከፍቱ ይናገራሉ። ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ነገር ግን የቡድኑን ግማሽ ሥራ ብቻውን ይሸከማል። የበጀት ዓመቱ ሲገባደድ ለአንዳቸው ብቻ የሚበቃ የደመወዝ ጭማሪ ቢገኝ ለማን ይሰጥ?

ለአንጋፋዋ ይሰጥ የሚል ሰው ልምድና ታማኝነት ዋጋ ሊኖራቸው ይገባል ብሎ ይከራከራል። ለወጣቱ ይሰጥ የሚል ደግሞ ሥራ እንጂ የቀን መቁጠሪያ ሊከፈለው አይገባም ይላል። የኢትዮጵያ የሲቪል ሰርቪስ ሕጎች ሁለቱንም ሐሳቦች በአንድ የደመወዝ ሠንጠረዥ ውስጥ ለማስታረቅ ሞክረዋል። ጥያቄው በተግባር ከሁለቱ የትኛው ይሠራል የሚለው ነው።

ደረጃ፣ እርከን እና ቦነስ

በመሥሪያ ቤት ወሬ ውስጥ ሦስቱ ቃላት ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ደረጃ የሥራ መደቡ ክብደት ነው፤ የጽዳት ሥራና የዳይሬክተርነት ሥራ ደረጃቸው ይለያያል። እርከን ግን በዚያው ደረጃ ውስጥ ሠራተኛው መደቡን ሳይለቅ የሚወጣው መሰላል ነው። ቦነስ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚቀር፣ በቋሚ ደመወዝ ላይ የማይደመር ማበረታቻ ነው።

በኢትዮጵያ ቦነስ የሚለው ቃል በብዛት የሚሰማው ትርፍ በሚያስመዘግቡ የመንግሥት ባንኮችና የልማት ድርጅቶች ሠራተኞች ዘንድ ነው። በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት ለሚሠራ ሰው የሚጠበቀው ጭማሪ እርከን ነው።

በነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴ የተዘጋጀው የደመወዝ ስኬል 22 ደረጃዎች አሉት። እያንዳንዱ ደረጃ መነሻ ደመወዝ፣ 9 እርከኖችና ጣሪያ አለው። የእርከን ጭማሪው በየሁለት ዓመቱ የሚታሰብ ሲሆን፣ ለማግኘት አጥጋቢ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ያስፈልጋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከመነሻ እስከ ጣሪያ 10 እርምጃ አለ፤ አንድም ጊዜ ሳይሰናከል የተጓዘ ሠራተኛ ጣሪያውን የሚነካው በ20ኛው ዓመት ነው።

አሠራሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ተመሳሳዩን ያውቁታል። እዚያ እያንዳንዱ ደረጃ 10 እርከኖች አሉት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጭማሪዎች ለማግኘት ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓመት፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ሁለት ሁለት ዓመት፣ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ደግሞ ሦስት ሦስት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። ድምሩ 18 ዓመት ይሆናል። እዚያም ቢሆን የጊዜው መሙላት ብቻውን አይበቃም፤ ሠራተኛው ተቀባይነት ያለው ብቃት ማሳየት አለበት።

በወረቀት ላይ እንግዲህ እርከን የሁለት ነገሮች ድምር ነው፦ የዕድሜና የውጤት።

ምዘናው ሁሉንም ሲያሳልፍ

ችግሩ የሚጀምረው ከምዘናው ነው። ኢትዮጵያ ባለፉት ሁለት አሥርታት የሠራተኛን ውጤት ለመለካት ያልሞከረችው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ወይም ቢፒአር መጣ፤ ሚዛናዊ የውጤት ተኮር ሥርዓት ወይም ቢኤስሲ ተከተለ፤ 1 ለ 5 አደረጃጀትም በየመሥሪያ ቤቱ ተዘረጋ። በየስድስት ወሩ ቅጽ ይሞላል፣ ነጥብ ይሰጣል፣ ይፈረማል።

ነገር ግን ነጥብ ሰጪው የቅርብ ኃላፊ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሠራተኛው ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው ነው። ዝቅተኛ ነጥብ መስጠት ይሉኝታ ብቻ ሳይሆን ሥራም ያመጣል፦ ማስረጃ ማጠናቀር፣ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ መልስ መስጠት፣ ነገሩ ከገፋም በመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት መቆም ሊኖር ይችላል። ከፍ ያለ ነጥብ መስጠት ግን ማንንም አያስከፋም፤ ከኃላፊው ኪስም ምንም አይወጣም። ስለዚህ አብዛኛው ሠራተኛ ያልፋል። ሁሉም ሲያልፍ ደግሞ ምዘናው ማንንም ከማንም አይለይም፤ በስም የውጤት ክፍያ የሆነው ጭማሪ በግብር የአገልግሎት ዘመን ክፍያ ይሆናል።

ይህን የኢትዮጵያ ቢሮክራሲ ልዩ ሕመም አድርጎ መቁጠር ስህተት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ ባደረገው ፍተሻ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2013 ከፍተኛ አመራሮችን ሳይጨምር ከቋሚ የፌዴራል ሠራተኞች 99 በመቶ ያህሉ «ሙሉ በሙሉ ስኬታማ» ወይም ከዚያ በላይ የሚል ውጤት ማግኘታቸውን አረጋግጧል። የምዘና ባለሙያና በጀት ባልጎደለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የተለየ ነገር መጠበቅ ይከብዳል።

በዚህ ላይ የበጀት ጉዳይ አለ። በተለይ በክልሎች መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የእርከንና የደረጃ ዕድገት ክፍያቸው ዘግይቷል ወይም ተቋርጧል የሚል አቤቱታ በተደጋጋሚ ያሰማሉ። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው በውጤቱም በዕድሜውም አልተከፈለም ማለት ነው።

ወለሉ ሲነሣ ጣሪያው ዝቅ ሲል

ስለ እርከን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር የስኬሉ ስፋት ነው። በ2011 ዓ.ም. ተግባራዊ በሆነው ስኬል ዝቅተኛው ደመወዝ 1,100 ብር፣ ከፍተኛው 20,468 ብር ነበር፤ ላይኛው የታችኛውን ከ18 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የኑሮ ውድነቱን ለማካካስ መንግሥት ደመወዝ አሻሻለ። ዝቅተኛው ወደ 4,760 ብር አደገ፤ ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ከፍተኛው ግን ወደ 21,492 ብር ብቻ ከፍ አለ፤ ጭማሪው 5 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ውሳኔ የ18 እጥፍ ልዩነት ወደ አራት እጥፍ ተኩል ወረደ።

ውሳኔው ዝቅተኛ ተከፋዮችን ከረሀብ ለመታደግ ያለመ በመሆኑ በዚያ ረገድ መከራከር ከባድ ነው። ያስከተለው ግን ቀላል አልነበረም። መሰላሉ ሲያጥር ደረጃ በደረጃ ለመውጣት የተከፈለው ዓመት ዋጋውን ያጣል፤ ለ15 ዓመት እየተመዘነ የወጣ ባለሙያ ከሥሩ ካለው ጋር የነበረው ልዩነት በአንድ ሌሊት ሲጠብ ያያል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. የጀመረው ማሻሻያ ዝቅተኛውን 6,000፣ ከፍተኛውን 39,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻን ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድርሷል። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ተኩል ሆነ። የተወሰነው ቦታ ተመለሰ እንጂ ወደ ቀድሞው አልደረሰም።

የዋጋ ንረት ባለበት አገር ሠራተኛው የሚጠብቀው እርከኑን ሳይሆን አጠቃላይ ማሻሻያውን ነው። ማሻሻያ ደግሞ ጎበዙንም ሰነፉንም እኩል ያዳርሳል።

ጎረቤቶች ምን ሞከሩ?

በምሥራቅ አፍሪካ ለውጤት መክፈልን በጥንቃቄ የፈተሹ ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ በመምህራን ላይ የተደረጉ ናቸው።

በምዕራብ ኬንያ ከ1998 እስከ 1999 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር 100 ትምህርት ቤቶችን ያካተተ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በዕጣ በተመረጡት 50ዎቹ የተማሪዎች የፈተና ውጤት ካማረ መምህራኑ ከወር ደመወዛቸው ከ21 እስከ 43 በመቶ የሚደርስ ሽልማት ያገኙ ነበር። ሽልማቱ በታሰረበት ፈተና ላይ ውጤቱ ጨመረ። ነገር ግን መምህራኑ ከበፊቱ አብልጠው ክፍል አልገቡም፣ የቤት ሥራም አልጨመሩም፤ የጨመሩት የፈተና ዝግጅት ትምህርት ነበር። መርሐ ግብሩ ሲያበቃ ውጤቱም አልዘለቀም። ከአጥኚዎቹ አንዱ ማይክል ክሬመር በ2019 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን የተጋራ ምሁር ነው።

በታንዛኒያ 350 ትምህርት ቤቶች ላይ በተካሄደው ሙከራ ለትምህርት ቤት ገንዘብ መስጠት ብቻውን የተማሪዎችን ውጤት አልለወጠም። ለመምህራን ማበረታቻ መክፈል ብቻውን ያሳየው ለውጥም ቅይጥ ነበር። ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ግን ውጤቱ በግልጽ ተሻሻለ። መጽሐፍና ጠመኔ ለሌለው መምህር ቦነስ ቃል መግባት ብዙ እንደማያራምድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የሩዋንዳው ሙከራ ለሲቪል ሰርቪስ ክርክር ይበልጥ ይቀርባል። በስድስት ወረዳዎች አዲስ ከተቀጠሩ መምህራን መካከል በየወረዳው ከፍተኛ ውጤት ላመጡት 20 በመቶ 100,000 የሩዋንዳ ፍራንክ ይከፈል ነበር፤ ይህም የዓመት ደመወዛቸውን 15 በመቶ ገደማ ያህላል። መለኪያው ፈተና ብቻ አልነበረም፤ በክፍል መገኘት፣ የትምህርት ዝግጅትና የማስተማር ዘዴም ይቆጠሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የተማሪዎቹ ትምህርት ተሻሻለ፤ ጥሩ መምህራን በዚህ ምክንያት ሸሹ የሚል ምልክትም አልታየም። ከኬንያው የሚለየው ዋነኛ ነገር የመለኪያው ስፋት ይመስላል።

በዚያው በሩዋንዳ በ166 የጤና ተቋማት ላይ ተጠንቶ በ2011 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው፣ ተቋማት በሰጡት አገልግሎት ልክ ሲከፈላቸው በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር 23 በመቶ ጨምሯል። አራቱን የእርግዝና ክትትሎች የሚያጠናቅቁ እናቶች ቁጥር ግን አልጨመረም። ለወሊድ የተመደበው ክፍያ ለክትትሉ ከተመደበው እጅግ የበለጠ ነበር። ሰው ወደሚከፈልበት ያዘነብላል።

ኬንያ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን የአፈጻጸም ምዘናን ከሙያ ዕድገት ጋር ሲያያይዝ የአገሪቱ ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር ተቃወመ፤ በ2019ም ፍርድ ቤት ከክርክሮቹ የተወሰኑትን ተቀበለለት። ድሉ ግን መራር ነበር። ኮሚሽኑ በአዲሱ የሙያ ዕድገት መመሪያ ላይ የተመሠረተውን ጭማሪ ለማኅበሩ አባላት ከለከለ፤ አባላትም ማኅበሩን በገፍ ለቀው ወጡ።

የመምህራኑ መሰላል

ኢትዮጵያ ውስጥ ዕድሜንና ውጤትን አቀናጅቶ የያዘ አሠራር ያለው በትምህርት ዘርፉ ነው። መምህር ከጀማሪነት ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህርነት ይወጣል። ለእያንዳንዱ እርምጃ የተወሰነ የአገልግሎት ዓመትና የምዘና ውጤት ያስፈልጋል። የክፍል ውስጥ ሥራን ሳይለቁ ማደግ መቻሉ ትልቁ ጥቅሙ ነው፤ በሌላው ሲቪል ሰርቪስ ጎበዝ ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ ፈልጎ ኃላፊ ለመሆን ይሻማል፤ መሥሪያ ቤቱም ጥሩ ባለሙያ አጥቶ ምናልባት ደካማ ኃላፊ ያተርፋል።

ጡረታ ላይ የሚታየው ልዩነት

አንድ እርከን ጥቂት መቶ ብር ብቻ ነው ብሎ ችላ የሚል ወጣት ሠራተኛ የጡረታውን ቀመር ቢያይ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

30 ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ የአማካይ ደመወዙን 55 በመቶ ያገኛል። አማካዩ 10,000 ብር ከሆነ በወር 5,500 ብር ነው። በ57 ዓመቱ ሊያገኘው ይገባ የነበረ የ500 ብር እርከን በበጀት እጥረት ወይም በተዛባ ምዘና ቢቀርበት፣ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ በየወሩ 275 ብር ይጎድልበታል፤ ሌላ ማስተካከያ ካልመጣ በቀር ጉድለቱ በሕይወት እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል።