ዜና ኮቶር፦ በተራሮች የታጠረው ባሕር

በአድርያቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳር፣ ዛሬ ሞንቴኔግሮ በሚባለው አገር፣ ባሕሩ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ የገባበት ስፍራ አለ፤ ስሙም የኮቶር ባሕረ ሰላጤ ነው። ከወዲህ የሎቭቼን፣ ከወዲያ የኦርየን ተራሮች ከውኃው ዳር ቀጥ ብለው ይነሣሉ፤ ኦርየን 1894 ሜትር ነው። መተላለፊያውም ቬሪጌ ከተባለው ቦታ ሲደርስ ጠብቦ 340 ሜትር ያህል ይሆናል። ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።

በ809 ዓ.ም. የቬኒስ ነጋዴዎች የሰማዕቱን የቅዱስ ትሪፎንን አፅም ከቁስጥንጥንያ ጭነው ሲሄዱ ማዕበል ወደ ኮቶር ወደብ አስገባቸው፤ የከተማውም ሰዎች አፅሙን ገዝተው አስቀሩት ይባላል። በ1166ም በስሙ ካቴድራል ሠርተው አስባረኩ። በ1420 ከተማው ለቬኒስ ገባ፤ እስከ 1797ም በእርሷ ሥር ኖረ። ቅጥሩ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ፣ ገደሉን ወጥቶ፣ በ260 ሜትር ከፍታ ካለው ከቅዱስ ዮሐንስ ምሽግ ይደርሳል፤ ርዝመቱም 4.5 ኪሎ ሜትር ነው። በ1539 የኦቶማን የባሕር ጦር አዛዥ ባርባሮሳ የኸርሴግ ኖቪን ከተማ ይዞ ወደ ኮቶር ዘለቀ። የከተማው ገዢ ግን እጄን አልሰጥም ቢለው ትቶ ተመለሰ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለችው የፔራስት ከተማ ሰዎች ሥራ ነው። በ1452 ሁለት ወንድማማቾች ከባሕሩ ብቅ ባለች ቋጥኝ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል አገኙ ተብሎ ይተረካል። ስለዚህም ሕዝቡ ያረጁ መርከቦችን ድንጋይ እየሞላ በዚያ አሰጠመ፤ ከጉዞ በደኅና የተመለሰ መርከበኛም ድንጋዩን ይጥል ነበር። ብዙ ዘመን እንዲህ ሲያደርጉ ቋጥኟ ደሴት ሆነች፤ ቤተ ክርስቲያንም ሠሩባት። ግድግዳውን ከማዕበል የዳኑ ሰዎች በስእለት የሰጡት፣ መርከብ የተቀረጸበት የብር ሰሌዳ ሞልቶታል። በዚያም ያሲንታ ኩኒች የምትባል የፔራስት ሴት 25 ዓመት የጠለፈችው ሥዕል አለ። ለመላእክቱ ጠጉር የገዛ ጠጉሯን ክር አደረገችው፤ ቀርቦ ያየ ሰው የፊተኞቹን ጥቁር፣ የኋለኞቹን ሽበት ሆኖ ያገኛቸዋል። የነገሥታት ጸሐፊ የጦር አለቆችን ሲቆጥር እንዲህ ያለችውን ሴት ይዘላታል፤ እኛ ግን አንዘልም።

ጠላት ያልደፈረውን ቅጥር ምድር ደፈረችው። በ1667 የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ከተማው ፈረሰ፤ የካቴድራሉም ማማዎች ወደቁ። መልሰው ቢያቆሟቸውም ገንዘብ አጥሮ ግራው ሳይፈጸም ቀረ፤ ሁለቱ ዛሬም አይመሳሰሉም። ሚያዝያ ላይ፣ በ1979፣ ምድሪቱ ዳግመኛ ተናወጠች። በዚያው ዓመት ዩኔስኮ ስፍራውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶችም ጋር ቈጠረው። ጥገናው ብዙ ዘመን ፈጅቶ በ2003 ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

አንባቢ ሆይ፣ ወደዚያ ብትደርስ ወደ ምሽጉ የሚያወጣው ደረጃ ከሺህ በላይ ነውና፣ ፀሐይ ሳትበረታ ማልደህ ውጣ፤ ውኃም አትርሳ።